ዓይን ሲሳሳት ተጠያቂው ማን ነው?

በኋላ የበስራ ከተማ ቃዲ ስለሆነው ስለ ኢያስ ኢብን ሙዓዊያ ብልህነት የታሪክ ጸሐፍት ብዙ ይተርካሉ። ከሚተርኩት አንዱ ይህ ነው። ሰዎች የረመዳንን ጨረቃ ለማየት ወጥተዋል። ከመካከላቸው ዕድሜያቸው ወደ መቶ የተጠጋው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓባ አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ነበሩ። እርሳቸውም ጨረቃዋን አይቻታለሁ ብለው በእጃቸው ወደ ሰማይ ያመለክቱ ጀመር። ሌሎቹ ወዳመለከቱበት ቢያንጋጥጡ ምንም የለም። ኢያስ ከሰማዩ ይልቅ የሽማግሌውን ፊት ትኩር ብሎ ተመለከተ። ከቅንድባቸው አንዲት ነጭ ጸጉር ወርዳ፣ እንደ ቀስት ጎብጣ፣ በዓይናቸው ላይ ተጋድማለች። ቀስ ብሎ ጸጉሯን ወደ ላይ መለሳትና አሁንስ ጨረቃዋ የት አለች ብሎ ጠየቃቸው። ደግመው አዩ፤ አሁን አትታየኝም አሉ።

ውድ አንባቢያን! ሽማግሌው አልዋሹም። አሥር ዓመት ሙሉ የአላህን መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ያገለገሉ ሰው በጾምና በፍጥር ጉዳይ ይቀጥፋሉ ብሎ የሚጠረጥር የለም። የተናገሩት ያዩትን ነው፤ ያዩት ግን ጨረቃ አልነበረም። ኢያስም ቢሆን ስለ ክብራቸው ብሎ ምስክርነታቸውን እንዲሁ አልተቀበለም፤ ተሳስተዋል ብሎም በሰው ፊት አላዋረዳቸውም። ጸጉሯን አነሣ፤ ከዚያም እንደገና ጠየቀ።

ይህን ታሪክ ዛሬ ያነሣነው በዘመናችን ከሰው ዓይን ጎን ሌላ ዓይን ስለተተከለ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የኮምፒዩተር ጥበብ ከካሜራ ጋር ተጣምሮ ፊት ይለያል፣ መንገድ እያየ መኪና ይነዳል፣ የራጅ ፎቶ ያነባል፣ የጣት አሻራ ያመሳስላል። ይህም ዓይን እንደኛው ይሳሳታል። የሰው ዓይን ቢሳሳት ባለቤት አለው፤ ይጠየቃል፣ ይጸጸታል፣ ይቅርታ ይለምናል። የመሣሪያው ዓይን ሲሳሳትስ ጸጉሯን የሚያነሣው ማን ነው? ሳይነሣ ቀርቶ ሰው ቢበደልስ በዱንያም ሆነ በአኼራ የሚጠየቀው ማን ነው?

«በዓይኔ በብረቱ»

በአገራችን ሰው ነገሩን እርግጥ ማድረግ ሲፈልግ «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ይላል። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም፤ ብረት አይታጠፍምና። ነገር ግን ዓይናችን የቱን ያህል ብረት ነው? በአውቶቡስ ተራ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ጎናችን የቆመው አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲንቀሳቀስ የኛው ወደ ፊት የሄደ መስሎን አልደነገጥንምን? በሻይ ብርጭቆ ውስጥ የቆመች ማንኪያ ውኃው ላይ የተሰበረች አትመስለንምን? በቀትር በአፋር በረሃ የተጓዘ ሰው አስፋልቱ ከፊቱ ውኃ ሆኖ ሲያብረቀርቅ፣ ሲቀርቡት ደግሞ ሲሸሽ አይቷል። በሱረቱ-ን-ኑር ውስጥ የከሓዲዎች ሥራ በዚህ ሐሩር ተመስሏል፤ የተጠማው ሰው ውኃ ነው ብሎ ይሄዳል፤ ደርሶ ምንም አያገኝም።

ምክንያቱ ዓይን ብቻውን የማያይ መሆኑ ነው። ዓይን ብርሃን ይቀበላል፤ የተቀበለውን ይህ ምንድን ነው ብሎ የሚተረጉመው አእምሮ ነው። አእምሮም በጎደለው ቦታ የለመደውን ይሞላል። የአሜሪካው ሊቅ ኤድዋርድ አደልሰን እ.ኤ.አ. በ1995 ያዘጋጀው ምስል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በጥቁርና በነጭ አራት ማዕዘኖች በተሠራ የዳማ ሰሌዳ ላይ ጥላ ያርፋል። ከጥላው ውጪ ያለው አንድ ጥቁር ማዕዘንና በጥላው ውስጥ ያለው አንድ ነጭ ማዕዘን በቀለማቸው ፍጹም አንድ ናቸው። ይሁን እንጂ ማንም ሰው አንዱን ጥቁር፣ ሌላውን ነጭ አድርጎ ያያቸዋል። ምስጢሩ ከተነገረው በኋላ እንኳ ሌላ ሊታየው አይችልም። አእምሮው ጥላ ያጠቆረው ነጭ ነው ብሎ አስቀድሞ ፈርዷልና።

ከፊታችን ያለውን ጨርሶ የማናይበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች ለሰዎች ኳስ የሚቀባበሉ ልጆችን ፊልም አሳይተው ቅብብሉን እንዲቆጥሩ አዘዟቸው። በፊልሙ መካከል የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው በተጫዋቾቹ መሐል ያልፋል። ከቆጣሪዎቹ ግማሽ የሚሆኑት ጎሪላውን አላዩትም። ዓይናቸው ጤነኛ ነበር፤ ልባቸው ግን ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር።

ከበስራ የተገኘ መልስ

ታዲያ ዓይን እንዲህ ከሆነ ምን ልንይዝ ነው? ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1058 እስከ 1111 የኖሩት ኢማም አል-ገዛሊ «አል-ሙንቂዝ» በተባለው መጽሐፋቸው ይኸው ጥርጣሬ እንዴት እንደያዛቸው ተርከዋል። ጥላ ለዓይን የቆመ ይመስላል፤ ቆይተው ሲያዩት ግን ተንቀሳቅሷል። ኮከብ የአንድ ዲናር ያህል ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ የሒሳብ ሊቃውንት ግን ከምድር እንደሚበልጥ ያስረዳሉ። በዚህ የተነሣ በስሜት ሕዋሳቸው ላይ እምነት አጥተው ሁለት ወር ያህል በጥርጣሬ በሽታ ተሠቃዩ፤ በኋላም አላህ በልባቸው በጣለው ብርሃን ዳኑ።

ከእርሳቸው በፊት የኖረው ኢብኑል ሀይሠም ግን ነገሩን በሌላ በኩል ይዞታል። ይህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ በዚያችው ኢያስ በነበረባት በበስራ ተወልዶ፣ በ1040 ገደማ በካይሮ ያረፈ ነው። «ኪታቡል መናዚር» የተባለው ስለ ማየት የጻፈው ሥራው ሰባት ክፍል ሲኖረው፣ ሦስተኛው ክፍል የዓይንን ስህተት የሚመረምር ነው። ከእርሱ በፊት ብዙ የግሪክ ሊቃውንት ዓይን ከራሱ ጨረር እያወጣ ነገሮችን ይዳስሳል ይሉ ነበር። እርሱ ግን ብርሃን ከነገሮች ወደ ዓይን እንደሚመጣ አስረዳ። ከዚህም አልፎ ብዙ ነገር የምናየው ሳናውቀው በፍጥነት በምንሰጠው ፍርድ እንደሆነ አስተማረ።

ስህተትንም በየምክንያቱ ለየው። ዓይን በትክክል ለማየት የርቀት ልክ፣ የብርሃን ልክ፣ የአቅጣጫ፣ የነገሩ መጠን፣ የአየሩ ጥራት፣ በቂ ጊዜና የዓይን ጤንነት ያስፈልጉታል። ከነዚህ አንዱ ከልክ ሲያልፍ ወይም ሲጎድል ስህተት ይገባል። የአነስ (ረ.ዐ) ጸጉር፣ የአፋር መንገድ ሐሩርና የማንኪያዋ ስብራት ሁሉ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አላቸው። ኢብኑል ሀይሠም ዓይን ይሳሳታልና አትመኑት አላለም። መቼና ለምን እንደሚሳሳት እወቁ፤ አውቃችሁ መርምሩ ነው ያለው። እንግዲህ ኢያስ በእጁ የሠራውን ኢብኑል ሀይሠም በብዕሩ ሠርቶታል ማለት ይቻላል።

መሣሪያው ምን ያያል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይን እንመለስ። ለኮምፒዩተር ሥዕል ማለት የቁጥር መዝገብ ነው። እያንዳንዷ የምስል ነጥብ በቁጥር ትጻፋለች። ሠሪዎቹ ይህ ድመት ነው፣ ይህ ዝሆን ነው የተባለባቸውን እጅግ ብዙ ምስሎች ያሳዩታል። እርሱም ቁጥሮቹ እንዴት እንደሚደጋገሙ እያነጻጸረ ራሱን ያስተካክላል። ከዚያ በኋላ አዲስ ምስል ሲቀርብለት ከተለማመደው የትኛውን እንደሚመስል ይናገራል። እንግዲህ ይህም ዓይን ልክ እንደኛ በልማድ የሚፈርድ ነው፤ ልማዱ ግን የኛ ልማድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የጀርመን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ይህን አሳይቷል። የድመት ቅርጽ ያለው፣ ቆዳው ግን የዝሆን ቆዳ የሆነ ሥዕል አዘጋጁ። ሕፃን ልጅ ቢያየው ድመት ነው ይላል፤ ቅርጹን ያያልና። መሣሪያው ግን ዝሆን ነው አለ፤ የቆዳውን ሽብሽብ ይዞ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ይፋ በሆነ ሌላ ሥራ ላይ ኢያን ጉድፌሎና ባልደረቦቹ ፓንዳ የሚባለውን የቻይና ድብ ፎቶ ለመሣሪያው አቀረቡ። በ57.7 በመቶ እርግጠኛነት ፓንዳ ነው አለ። ከዚያም በፎቶው ላይ ለሰው ዓይን ፈጽሞ የማይታይ ለውጥ አደረጉ። መሣሪያው በ99.3 በመቶ እርግጠኛነት ጊቦን የሚባል የዝንጀሮ ዘመድ ነው አለ። ልብ ይሏል! ሲሳሳት እርግጠኛነቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በ2018 ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች «ቁም» በሚል የትራፊክ ምልክት ላይ ጥቂት ጥቁርና ነጭ ወረቀቶች በመለጠፍ፣ መሣሪያው ምልክቱን የፍጥነት ወሰን አድርጎ እንዲያነበው አድርገዋል።

የፊርዐውን ደጋሚዎች ገመዳቸውንና በትራቸውን የሚሮጡ እባቦች አስመስለው የሕዝቡን ዓይን እንደደገሙበት ቁርዓን ይነግረናል። የዛሬው ድግምት የመሣሪያውን ዓይን ይይዛል፤ አጠገቡ የቆመው ሰው ግን ምንም አልታየውም።

ከዚህ የከፋው ማንም ሆን ብሎ ሳያታልለው የሚመጣው ስህተት ነው። ጆይ ቡኦላምዊኒና በአዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ የሰውን ፊት አይተው ወንድ ወይም ሴት የሚሉ ሦስት የታላላቅ ኩባንያዎች መሣሪያዎችን መረመሩ። ቆዳቸው ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነበር። ቆዳቸው በጠቆረ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ለምን? መሣሪያዎቹ የሚለማመዱባቸውና የሚፈተኑባቸው ምስሎች በአብዛኛው የነጮች ፊት በመሆናቸው ነው። መሣሪያው በልቡ ጥላቻ የለውም፤ ልብም የለውምና። ያላሳዩትን አላየም። ያላሳዩት ግን ሰዎች ናቸው።

ሁለቱ ዓይኖች አብረው ሲሳሳቱ

አንድ ሰው «መሣሪያው ቢሳሳት ሰው ያርመዋል፤ ሰው ቢሳሳት መሣሪያው ያርመዋል» ይል ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነበር። የሆነውን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2004 በስፔን ዋና ከተማ በማድሪድ በባቡሮች ላይ በፈነዳ ቦምብ ከ190 በላይ ሰዎች ሞቱ። የማፈንዳት መሣሪያ ከተገኘበት ላስቲክ ላይ የጣት አሻራ ተነሥቶ ለአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ተላከ። ኮምፒዩተሩ ይመስላሉ ያላቸውን ሃያ አሻራዎች አወጣ። ከእነዚህ ውስጥ በኦሪገን ግዛት የሚኖር፣ እስልምናን የተቀበለ አንድ አሜሪካዊ ጠበቃ አሻራ ነበረበት። ኮምፒዩተሩ ይህ ሰው ነው አላለም፤ ይመስላል ነው ያለው። ሦስት የቢሮው ባለሙያዎች ግን በዓይናቸው አይተው እርሱ ነው ሲሉ አረጋገጡ። የስፔን ፖሊስ በሚያዝያ ወር አሻራው አይገጥምም ብሎ ቢያስታውቅም አልሰሟቸውም። ግንቦት 6 ቀን ሰውየው ታሠረ። ሁለት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ስፔኖች አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን ደረሱበት። ጠበቃው ተለቀቀ፤ ቢሮው ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2006 ሁለት ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተከፈለው።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዋና መርማሪ ያወጣው ዘገባ ስህተቱ እንዴት እንደገባ ያብራራል። ሁለቱ አሻራዎች በእርግጥ ይመሳሰሉ ነበር። ነገር ግን ባለሙያዎቹ የጠበቃውን ግልጽ አሻራ ካዩ በኋላ በደበዘዘው የማድሪድ አሻራ ላይ የሌለ መስመር ይታያቸው ጀመር። የሚፈልጉትን አገኙት። ዘገባው እንደሚለው የሰውየው ሃይማኖት ለመጀመሪያው ስህተት ምክንያት አልነበረም፤ በዚያ ጊዜ አያውቁትም ነበር። ካወቁ በኋላ ግን ስፔኖች አይደለም ሲሏቸው ጉዳዩን እንደገና ላለመመርመር ሳያደርጋቸው አልቀረም። ጸጉሯ በዓይናቸው ላይ ነበረች። «አንሡት» ያላቸውም ነበረ። አላነሡም።

ሁለተኛው ጉዳይ በዲትሮይት ከተማ የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአንድ መደብር ሰዓቶች ተሰረቁ። ፖሊስ ከመደብሩ ካሜራ የተገኘውን የደበዘዘ ምስል ለፊት መለያ መሣሪያ ሰጠ። መሣሪያውም የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ አመጣ። በጥር ወር 2020 ፖሊሶች ከቤቱ ደጃፍ በሚስቱና በሁለት ትንንሽ ሴት ልጆቹ ፊት እጁን በካቴና አስረው ወሰዱት። ሠላሳ ሰዓት ያህል ታሠረ። በምርመራው ጊዜ የሌባውን ምስል ከፊቱ ጎን ይዞ እኔ አይደለሁም አላቸው፤ ልዩነቱንም ማንም ያየው ነበር። በ2024 ከተማዋ 300,000 ዶላር ካሣ ልትከፍለው ተስማማች፤ ፖሊስም ከእንግዲህ በፊት መለያ መሣሪያ ውጤት ብቻ ሰው እንዳያስር ተወሰነ። ካሣው ተከፈለ እንበል፤ እነዚያ ልጆች ያዩትን ከዓይናቸው የሚያጠፋ ገንዘብ ግን የለም።

መሣሪያ አማና አይሸከምም

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። «ሰውስ ከመሣሪያ የበለጠ አይሳሳትም ወይ? በአሜሪካ በዘረመል ምርመራ ነፃ ከወጡት እሥረኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዓይን ምስክሮች ስህተት የተፈረደባቸው ናቸው። ታዲያ ያነሰ የሚሳሳተውን መምረጥ አይሻልም?» የሚል። እውነት አለው። መሣሪያው አይደክምም፣ አይፈራም፣ ጉቦም አይበላም። በብዙ ሥራ ከሰው ዓይን የተሻለ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ጉዳያችን መሣሪያውን ማውገዝ አይደለም።

ጉዳያችን ማየትና መፍረድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ፍርድ ተጠያቂነት ነው። በሱረቱል ኢስራእ መስማትም ማየትም ልብም ሁሉም እንደሚጠየቅባቸው ተነግሮናል። የሚጠየቀው ካሜራው አይደለም፤ ባለ ዓይኑና ባለ ልቡ ነው። ሊጠየቅ የማይችል፣ ሊጸጸት የማይችል፣ የበደለውን ሰው አፉ በለኝ ሊል የማይችል ነገር ቃዲ ሊሆን አይችልም። መረጃ ሊያቀብል ይችላል፤ ያውም ሊጣራ የሚገባው መረጃ። ወሬ ሲመጣላችሁ ሳታውቁ ሰዎችን በድላችሁ እንዳትጸጸቱ አጣሩ የሚለው የሱረቱል ሑጁራት ትእዛዝ ወሬውን ያመጣው ሰው ወይስ ኮምፒዩተር ብለን የምናልፈው አይደለም።

በሌላ በኩል ሸሪዓችን የሚሳሳተውን ሁሉ አይኮንንም። ፈራጅ አቅሙ እስከቻለ መርምሮ ቢሳሳት አንድ ምንዳ እንዳለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ምንዳው የስህተቱ አይደለም፤ የድካሙ ነው። ሳይደክም «ማሽኑ ነው ያለው» ብሎ የፈረደ ግን የቱን ድካም ይዞ ይቀርባል? የዲትሮይት ፖሊስ ምስሉን ከሰውየው ፊት ጋር ለማስተያየት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። በዘመናችን የምንፈራው ትልቁ አደጋ እንግዲህ መሣሪያው መሳሳቱ ሳይሆን ሰው ሸክሙን በመሣሪያው ጀርባ ላይ አውርዶ እጁን መታጠቡ ነው።

ሠሪውም ከዚህ አያመልጥም። የማንን ፊት አሳይቶ እንዳለማመደው፣ የት እንደሚሳሳት ያውቅ እንደሆነ፣ አውቆም ለገዢው ነግሮ እንደሆነ ይጠየቃል። ጉድለት ያለበትን ዕቃ ጉድለቱን ደብቆ መሸጥ በገበያ ሐራም ከሆነ፣ ሰው የሚያሳስር ጉድለት መደበቅማ እንዴት ይታያል?

የኛስ ዓይን?

ስለ አሜሪካ ፖሊስ ማውራት ቀላል ነው። የተበደለው ሙስሊም ሲሆን ደግሞ ቁጭታችን ይበዛል፤ መቆጨታችንም ተገቢ ነው። ግን እያንዳንዳችን በእጃችን በያዝነው ስልክ ላይ በየቀኑ ዳኞች አይደለንምን? አንድ ፎቶ ይመጣል። የተቃጠለ ቤት፣ የተደበደበ ሰው ያሳያል። ከሥሩ «እነ እገሌ ያደረጉት» የሚል ጽሑፍ አለ። ዛሬ እንዲህ ያለ ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ከባዶ ሊፈጠር ይችላል፤ እውነተኛው ፎቶም ከሌላ አገርና ከሌላ ዓመት ተነሥቶ ሊመጣ ይችላል። እኛ ግን ከሚጠረጠረው ወገን አስቀድሞ ጥርጣሬ ካለን፣ እንደ እነዚያ የአሻራ ባለሙያዎች የሌለው መስመር ይታየናል። በአንድ ጣት ለመቶ ሰው እናስተላልፈዋለን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰ የሰው ስምና ደም ግን አይለቀምም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ያየነውን ከመናገራችን በፊት በምን ርቀት፣ በምን ብርሃን፣ በምን ስሜት ሆነን እንዳየነው ራሳችንን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ በሰው ላይ ጉዳት የሚያስከትል ነገር ሲሆን፣ መሣሪያም ይናገረው ሰው፣ ሌላ ነፃ ማስረጃ ሳናገኝ አንፍረድ። ሦስተኛውና ከባዱ፣ ተሳስተሃል ስንባል እንስማ። ንግሥት ቢልቂስ በሱለይማን (ዐ.ሰ) አዳራሽ የመስተዋቱን ወለል ውኃ መስሏት ልብሷን ሰብስባ ነበር። መስተዋት ነው ሲሏት ንግሥትነቷ አልከለከላትም፤ ተሳስቼ ኖሬአለሁ ብላ ወደ እውነቱ ተመለሰች። በዓይኗ የገባው ስህተት ለልቧ የመመለሻ በር ሆነላት።

አነስ (ረ.ዐ) ያንን ያህል ዕድሜና ክብር ይዘው በወጣቱ እጅ ጸጉራቸው ሲነሣ አልተቆጡም። እንደገና አዩ፤ የለችም አሉ። ከሁለቱ ሰዎች የትኛው ይበልጣል ብለን ብንጠየቅ መመለሱ ይከብዳል፤ ጸጉሯን ያነሣው ነው ወይስ ሲነሣለት እሺ ብሎ ደግሞ ያየው? መሣሪያዎቻችን የፈለገውን ያህል ቢራቀቁ እነዚህን ሁለት ሰዎች አይተኩልንም። አላህ (ሱ.ወ) እውነቱን እውነት አድርጎ የሚያሳየን፣ ስንሳሳትም የምንመለስ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።